ከቤት ሆኖ የደንበኞች አገልግሎት መሥራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል ተቀምጬ ለሦስት ዓመት ያህል በስልክና በጽሑፍ የደንበኞች አገልግሎት ስሰጥ ቆይቻለሁ። ሥራውን ከተውኩ በኋላም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶች፣ ልጅ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ እናቶችና ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶች ስለዚሁ ሥራ ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቻቸው ስለሚመሳሰሉ የማውቀውን እዚህ አስፍሬዋለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሥራው ለከተሞቻችን እውነተኛ እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ቢሮ ሲኖር ድርጅቱ ይሸከመው የነበረው የመብራት፣ የመስመር፣ የጸጥታና የደንበኛ ቁጣ ጉዳይ ሁሉ ወደ ሠራተኛው ቤት ስለሚገባ፣ ሸክሙን ማን እንደሚሸከም ሳይነጋገሩ መፈረም አይገባም።

ሥራው በትክክል ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ሰው የጥሪ ማዕከልን የሚያውቀው ወደ 994 ወይም ወደ 700 ደውሎ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ላለው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ ባለማይክ የጆሮ ማዳመጫና የደንበኛውን መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ድርጅቱ ከፈቀደ ሥራው ከቤት ሊሠራ ይችላል። ሥራው ጥሪ በመቀበል ብቻ አያበቃም፤ በቻት መመለስ፣ ለኢሜይል ምላሽ መጻፍ፣ ቅሬታ መዝግቦ ለሚመለከተው ክፍል ማስተላለፍና መልሶ ደውሎ ችግሩ መፈታቱን ማረጋገጥም አለበት። እኔ ለአካባቢያችን ሁኔታ ከጥሪ ይልቅ የጽሑፍ ምላሽ ይስማማል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ስለ መብራት በሚጠይቀው ጥያቄ ሥር እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ ሳይሄዱ መሥራት መቻል ብቻውን ይህን ያህል ጥቅም ነው?

አዎ፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ እዚያ ሄዶ የሚያገኘው ደመወዝ በቤት ኪራይና በትራንስፖርት እያለቀ፣ ለወላጆቹ የሚልከው ሳይተርፈው ዓመታት ያልፋሉ። ያው ደመወዝ እዚህ ሲከፈለው ግን ወላጆቹን እየጦረ፣ እድሩንም ዝምድናውንም ሳያጓድል ሊኖርበት ይችላል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማዋ ያሉት ፋብሪካዎች ለብዙዎች ሥራ ቢሆኑም፣ የፋብሪካ ሥራ ሰውየውን በቦታውና በሰዓቱ ይፈልገዋል፤ ከቤት መውጣት የማይችለውን ሰው አይደርሰውም።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። የማውቃት አንዲት እናት የሰባት ወር ልጇን እያጠባች በቀን አራት ሰዓት የቻት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ባትሠራው ኖሮ ምርጫዋ ልጁን ለእናቷ ትቶ ቤሩት መሄድ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። በክራንች የሚሄድ ሰው የደሴን ዳገት በየቀኑ ሁለት ጊዜ መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ እየኖረ ደሴ የሚሠራውም ቢሆን 25 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ሚኒባስ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ በክረምት ጉሙ ሀረጎ ላይ ሲወርድም መኪናው መብራቱን አብርቶ ጠመዝማዛውን በዝግታ እስኪያልፍ ድረስ በሰዓቱ ስለመድረሱ እርግጠኛ አይሆንም።

ከቤት መሥራት ውጤታማ እንደሆነ የተፈተነበት ቦታ አለ?

አለ፤ ያውም በዚሁ ሙያ። ሲትሪፕ የተባለው የቻይና የጉዞ ወኪል ድርጅት ከ2010 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ የጥሪ ማዕከሉ ለዘጠኝ ወር ሙከራ አድርጓል። ሙከራውን ያጠኑት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ናቸው። ፈቃደኛ ሆነው መስፈርቱን ካሟሉት 249 ሠራተኞች መካከል የልደት ቀናቸው ተጋማሽ ቁጥር የሆነው በሳምንት አራት ቀን ከቤት ሲሠሩ፣ ሌሎቹ ቢሮ ቆዩ። ከቤት የሠሩት ሰዎች ውጤት በ13 በመቶ ከፍ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 9 በመቶ ያህሉ የመጣው የዕረፍትና የሕመም ቀናት ቀንሰው ብዙ ደቂቃ በመሠራቱ ሲሆን፣ የቀረው በደቂቃ ብዙ ጥሪ በመስተናገዱ ነው። ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ።

ብዙ ሰው ከዚህ ጥናት 13 በመቶዋን ብቻ መዝዞ ይጠቅሳል። ለእኛ ግን የሚበልጡት ሌሎቹ ዝርዝሮች ናቸው። ተሳታፊዎቹ ቢያንስ ስድስት ወር በድርጅቱ የሠሩ፣ በቤታቸው ለብቻ የሚሠሩበት ክፍልና የብሮድባንድ መስመር ያላቸው ነበሩ። ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸውም ከቤት ይሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመልሰዋል፤ ካነሷቸው ምክንያቶች ዋነኛው ብቸኝነት ነበር።

የደሴና የኮምቦልቻ ኢንተርኔት ለዚህ ሥራ ይበቃል?

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው መቆራረጡ ነው። አንድ የኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ በተለመደው አሠራር ለመላክም ለመቀበልም በሰከንድ 100 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢወራ የሚበላው ዳታ ከ80 ሜጋባይት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ «ስንት ሜጋ አለህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ድምፁ ሳይዘገይና ሳይቆራረጥ ይደርሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከተናጋሪው ሰሚው ጋር ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይፈጅ ይመክራል። መዘግየቱ ሲበዛ ሁለቱ ሰዎች እኩል ይናገሩና እኩል ዝም ይላሉ፤ ደንበኛው ደግሞ ጥፋቱን በመስመሩ ሳይሆን በሠራተኛው ያሳብባል።

መስመርዎን ሲፈትኑ ማለዳ ላይ ሳይሆን ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን በያዘበት ሰዓት ይፈትኑት። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙት፤ ዋይፋይ በግድግዳ በኩል ሲያልፍ የሚቆራረጠው ድምፅ በገመድ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የብሮድባንድ መስመር ያለው ሰውም ቢሆን የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ካርዶችን ለመጠባበቂያ ቢይዝ መልካም ነው።

ሲም ካርድ ማብዛት የማይፈታው ችግርም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በእሱ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ያለ አንዳች ጥፋታቸው ከሥራ ውጭ ሆነዋል። ደንበኞቻቸው ሌላ አገር፣ አለቆቻቸው ሌላ ከተማ ስለነበሩ የሆነውን ለማስረዳት እንኳ መንገድ ያጡ ነበሩ። ይህን የደረሰበት ሰው «ኔትወርክ የሠራተኛው ኃላፊነት ነው» የሚል ውል ሲያይ ለምን እንደሚደነግጥ ይገባኛል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ፣ መስመሩ ከሠራተኛው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ተለይቶ እንዲጻፍ ሳያፍሩ ይጠይቁ።

መብራት ሲጠፋስ?

አንድ ቀን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በሐምሌ ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገንዘቧ ተቆርጦ ትኬቷ ያልደረሳት አንዲት ደንበኛ ስልክ ላይ ነበረች። የከፈለችበትን ቀንና የደረሰኝ ቁጥሯን አንድ በአንድ አስቆጥራኝ «ይጠብቁኝ፣ አሁን አየዋለሁ» ባልኳት ቅጽበት መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች ግን ድርግም አሉ፣ የሴትዮዋም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ በሞባይል ዳታ ስመለስ፣ ደንበኛዋ ሌላ ሠራተኛ አግኝታ ነገሩን ከመጀመሪያው እየተረከች፣ እኔም ጆሮዋ ላይ እንደዘጋሁባት አስመዝግባ ደረስኩ። ድርጅቱ የዚያን ወር ቦነሴን ቆረጠ። ገንዘቡ አንሶ አይደለም ያስከፋኝ፤ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ የምዘጋ ሰው አለመሆኔን የሚያይልኝ በአጠገቤ አለመኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ቀድሞ የሚጠፋው ራውተሩ ነው። ራውተር ደግሞ የሚፈልገው ኃይል ከ10 ዋት ብዙ ስለማይርቅ፣ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው የራውተር ዩፒኤስ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ሰው ግን ትልቅ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ስለሚያስፈልግ ወጪው በብዙ ይጨምራል፤ ለዚህ ሥራ አሮጌ ላፕቶፕ ከአዲስ ዴስክቶፕ ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የጽሑፍ ሥራ ለእኛ ይስማማል ማለቴም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በቻት ላይ ያለ ደንበኛ መስመሩ ለሁለት ደቂቃ ቢጠፋ የተጻፈው ይቆየዋል፣ በስልክ ላይ ያለው ግን የሚያስታውሰው መዘጋቱን ነው።

በሕግ በኩል አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 54 ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የመብራት መጥፋት በዚህ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለው ክርክር እንዳይነሳ፣ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈሩ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የምኖረው ሰው በበዛበት ግቢ ነው። ጫጫታውን ምን ላድርገው?

ከሰው ጫጫታ በፊት ቆርቆሮውን ያስቡ። የደሴ በረዶ ኮርኒስ የሌለውን ጣሪያ ሲመታው ራስዎ የሚናገሩትን እንኳ አይሰሙም፤ ደንበኛውማ ጨርሶ። ኮርኒስ ያለው ክፍል መምረጥ፣ ማይኩን ወደ አፍ አስጠግቶ መያዝ፣ ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ብዙ ያግዛል። ጋቢው የውጭውን ድምፅ አያስቀርም፤ የክፍሉን ማስተጋባት ግን በሚገባ ይቀንሳል። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት የታወቀ ስለሆነ ዕረፍትን ከእሱ ጋር ማስተካከል ይቻላል።

የሰውን ጉዳይ በተመለከተ፣ ዋናው ችግር ጩኸቱ ሳይሆን ቤት ያለ ሰው ሥራ እንደሌለው መቆጠሩ ነው። በእኛ አገር ቡና ተፈልቶ ተጠርቶ አለመሄድ ኩራት ይመስላል፤ ስለዚህ በር ዘግቶ ዝም ከማለት ቀድሞ ማስረዳት ይሻላል። እኔ የሥራ ሰዓቴን በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ለአከራዬም ጆሮዬ ላይ ያለውን ማዳመጫ አሳይቼ «ይህ ጆሮዬ ላይ ካለ ገበያ እንደሄድኩ ይቁጠሩኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አቦልና ቶናውን ያለእኔ ጠጥተው በረካውን ለዕረፍቴ ሰዓት ያቆዩልኝ ነበር።

ሰዓቱ እንዴት ነው? ሌሊት መሥራት ግዴታ ነው?

በአሠሪው ቦታ ይወሰናል። ከሪያድ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ለንደን እንደ ወቅቱ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ይከተለናል። አስቸጋሪው አሜሪካ ነው። የኒው ዮርክን የቢሮ ሰዓት የሚከተል ሰው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሠራል፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ሥራው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የደሴ ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑንም አይርሱ፤ በብርድ የተዘጋ ድምፅ ለዚህ ሥራ ጉዳት ነው።

በሕጉ መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ሲሆን በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ በትርፍ ሰዓት መመደብ የተከለከለ ነው።

የሚሳደብ ደንበኛ ሲያጋጥም ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ?

ከቤት የመሥራት ትልቁ ጉዳት፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ሲሰድብዎት አጠገብዎ ያለው ባልደረባ ፊትዎን አይቶ ሻይ ይዞልዎት ይመጣል። ቤት ውስጥ ግን ስድቡ እራት በሚበሉበትና በሚተኙበት ክፍል ይቀራል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ከግድግዳው ጋር ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ስጨርስ ለእናቴ ስልክ የማልመልስበት ጊዜ ነበር፤ የስልክ ጥሪ ድምፅ ራሱ ያስደነግጠኝ ነበር።

የረዳኝ አንደኛው ነገር ከሦስት የሥራ ጓደኞቼ ጋር በቴሌግራም የከፈትነው ትንሽ ቡድን ነው፤ ከከባድ ጥሪ በኋላ የደንበኛውን ስም ሳንጠቅስ የሆነውን በሁለት መስመር እንጽፋለን፣ አንዱ ደግሞ «አብሽር» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው፣ ከከባድ ጥሪ በኋላ አምስት ደቂቃ ከክፍሉ ወጥቶ የጦሳን ተራራ እያዩ መቆም ነው። ይህ አምስት ደቂቃ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር እንደሆነ ሱፐርቫይዘሩን ገና ሲቀጠሩ ይጠይቁ። የሚሳደብን ጥሪ ከማስጠንቀቂያ በኋላ ለመዝጋት ለሠራተኛው የማይፈቅድ ድርጅት ከሆነ፣ ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም አልመክርም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ዐረብኛ ግን በሚገባ እችላለሁ። ይጠቅመኛል?

በጣም ይጠቅማል። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በሰው ቤት የተማሩትን የባሕረ ሰላጤ ዐረብኛ እንደ ሙያ አይቆጥሩትም፤ ነገር ግን ስልክ ላይ የሚፈለገው ያ የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ማንበብና መጻፍ ስለሆነ፣ ጥቂት ወራት በጽሕፈቱ ላይ መሥራት ለቻት ሥራም ያበቃል።

ተቀጣሪ መሆንና በፍሪላንስ (ሳይቀጠሩ በግል) መሥራት ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ሰፊ ነው። አገር ውስጥ ባለ ድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ አለው፣ ይህም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ለጡረታ እሱ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የወለደች ሠራተኛ በጠቅላላው 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች። በፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ አንዱንም ስለማያገኝ፣ ሁለት ደመወዝ ሲያነጻጽር የወር ገንዘቡን ብቻ ማየት ያሳስተዋል። አንዳንድ ድርጅቶች ሰዓቱን፣ አለቃውንና ፕሮግራሙን ሁሉ ራሳቸው እየወሰኑ ሠራተኛውን «ፍሪላንሰር» ይሉታል፤ ይህን ዓይነቱን ውል ከመፈረም በፊት ሕግ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ይገባል።

ድርጅቱ በካሜራ ሊከታተለኝ ይችላል?

ጥሪ መቅዳትና ስክሪን ማየት በዚህ ሙያ የተለመደ ነው፤ የመኝታ ክፍልን ቀኑን ሙሉ በካሜራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው፣ የሚኖሩበት ቤተሰብ ጭምር ይታያልና። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሰበሰብና ለምን እንደሚሰበሰብ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ይኸው ሕግ የደንበኛውንም መረጃ ይጠብቃል። የደንበኛን ስልክ ወይም የሒሳብ ቁጥር በደብተር አይጻፉ፤ በቤተሰብ የጋራ ኮምፒውተርም አይሥሩ።

በቴሌግራም የሚመጡት ማስታወቂያዎች እውነት ናቸው?

አንዳንዶቹ እውነት ናቸው። «የመመዝገቢያ»፣ «የሥልጠና» ወይም «የሄድሴት መያዣ» ብሎ አስቀድሞ በቴሌብር ገንዘብ የሚጠይቅ ግን አሠሪ አይደለም። የባንክ የይለፍ ቃል ወይም የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቀውም እንዲሁ።

ከቤት ስሠራ እድገት አያመልጠኝም?

ሊያመልጥዎት ይችላል። በሲትሪፕ ጥናትም ከቤት የሚሠሩት ያስመዘገቡት ውጤት ከግምት ሲገባ፣ እድገት የማግኘት ዕድላቸው ቢሮ ካሉት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በየወሩ የሠሩትን በጽሑፍ ለአለቃ መላክ፣ አዲስ ሠራተኛ ለማሠልጠን ፈቃደኛ መሆን፣ ሲቻልም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ዋናው ቢሮ መታየት ይረዳል። እድገት ከሁሉ በላይ ለሚያሳስበው ሰው ግን የመጀመሪያውን ዓመት ቢሮ ገብቶ ቢሠራ ይሻለዋል።

ለሥራው ዝግጁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ሌላ ከተማ ያለ ወዳጅዎ ለሦስት ቀናት በየምሽቱ ለአንድ ሰዓት በኢንተርኔት ጥሪ እየደወለ እንደ ተቆጣ ደንበኛ ያናግርዎት፤ አንዱ ቀን ዝናብ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ጥሪውን በእሱ በኩል ይቅዳው፤ ከዚያም ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ፣ ከበስተጀርባ ምን እንደሚሰማና በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድምፅዎ እንዴት እንደነበር አብራችሁ አዳምጡ። ከዚህ በፊት ላፕቶፕም ሆነ ዩፒኤስ አይግዙ።